ጓሮዎን የሞላው ቢጫ አበባ አደይ አይደለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ቤታችን ከስላይጎ ክሪክ ብዙም አይርቅም። ጓሮው ዝቅ ያለና እርጥብ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ውሃው በእኛ በኩል አልፎ ወንዙ ይገባል። ከሦስት ዓመት በፊት አጥሩ ሥር ጥቂት ቢጫ አበቦች ወጡ። ዘንድሮ የጓሮውን ግማሽ ሞልተውታል፤ ከፊት ለፊት ያለው የአበባ መደብ ላይም ትንሽ ብቅ ብሏል። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ ‹አደይ አበባ ነው፣ ተከትሎን መጣ› ብላ በጣም ደስ አላት። ለሁለት ጓደኞቿ ነቅላ ሰጠች። አንድ ማሰሮ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ግቢ ወሰደች። አሁን አንድ ሰው ለኪንታሮት ፍቱን ነው ስላላት አድርቃ ልታፈላው ነው። ባለቤቴ በበኩሉ መሬቱን በማሽን ገልብጠን ሣር እንዝራበት ይላል። እኔ ግን ጁን ሲገባ ራሱ ስለሚጠፋ ምን አስጨነቀን እላለሁ። ምንድን ነው? ይተው ወይስ ይነቀል?»

ምላሽ፦ አደይ አበባ አይደለም። ይነቀል። ግን በማሽን አይገልበጥ፤ እናትዎም እንዳይጠጡት። ጁን ላይም አይጠፋም፤ ይተኛል እንጂ። አንድ በአንድ ላስረዳ። ወሮቹንም ዓመታቱንም የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እዚያው ላሉበት እንዲመችዎ።

ተክሉ በእንግሊዝኛ ሌሰር ሰለንዳይን ይባላል። ፊግ በተርካፕም ይሉታል። ሳይንሳዊ ስሙ ፊካሪያ ቬርና ነው፤ የቆዩ መጻሕፍት ላይ ራነንኩለስ ፊካሪያ ተብሎ ያገኙታል። አገሩ አውሮፓ፣ ሰሜን አፍሪካና ምዕራብ እስያ ነው። አሜሪካ ያስገቡት ለጌጥ ነው። እዚህ አገር በዱር ከተሰበሰቡት ናሙናዎች ቀደምት የሚባለው በ1867 ከፔንስልቬኒያ የተወሰደ ነው። ከዚያ ወዲህ ወንዝ ወንዙን ይዞ በምሥራቁ ክፍል ተስፋፍቷል። እርስዎ ያሉበት አካባቢ ክፉኛ ከተጎዱት ውስጥ ነው። ማርች መጨረሻ ላይ በሮክ ክሪክ ፓርክ ወይም በስላይጎ ክሪክ ዳር በእግሩ ያለፈ ሰው አይቶታል። የወንዙ ግራና ቀኝ ቢጫ ምንጣፍ ይሆናል።

እናትዎ መሳሳታቸው አይገርመኝም። ያ ቢጫ ቀለም የመስከረምን መስክ ያስታውሳል፣ እኔንም ያስታውሰኛል። ግን ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። አደይ ቢደንስ ከሚባለው ወገን ነው። ቤተሰቡ የኑግና የሱፍ ቤተሰብ ነው። ቆሞ ያድጋል፣ የሚያብበውም ክረምቱ ሲወጣ ነው። ይሄኛው መሬት ላይ የተለጠፈ ነው፤ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። የሚያብበው የአሜሪካ ብርድ ለቀቅ ሲያደርግ፣ ማርችና ኤፕሪል ላይ ነው። ቤተሰቡም ሌላ ነው፣ የራነንኩለስ ቤተሰብ። የዚህ ቤተሰብ ተክሎች አገራችንም አሉ። ለምሳሌ ራነንኩለስ ሙልቲፊደስ የሚባለው ደጋ ላይ፣ ምንጭና ወንዝ ዳር ይበቅላል፤ እሱም ቢጫ አበባ አለው። እናትዎ ያንን ቢሉ ኖሮ ለዘመዱ ይጠጉ ነበር።

ከመንቀልዎ በፊት ግን በዓይንዎ ያረጋግጡ። አንዱን በትንሽ የእጅ አካፋ ከነአፈሩ ያውጡና በባልዲ ውሃ ያጠቡት። ሥሩ ላይ ድንች የመሰሉ፣ ከባቄላ የማይበልጡ እብጠቶች ተሰብስበው ያያሉ። አንዳንዶቹ የበለስ ቅርጽ አላቸው፤ ፊካሪያ የሚለው ስም ከላቲኑ በለስ የመጣው ለዚህ ነው። ቅጠሉ የልብ ወይም የኩላሊት ቅርጽ ያለው፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቅባት የተቀባ ይመስል የሚያብለጨልጭ ነው። አበባው ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 12 ቀጫጭን ቢጫ ቅጠሎች አሉት። ገልብጠው ቢያዩት ከሥሩ ሦስት አረንጓዴ ሽፋኖች አሉ።

ይህን ያህል የምጨነቀው ማርሽ ማሪጎልድ የሚባል የአገሬው ተክል ስላለ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ካልታ ፓሉስትሪስ ነው። እሱም እርጥብ ቦታ ይወዳል፣ እሱም ቢጫና የሚያብለጨልጭ ነው። ብዙ ሰው ወራሪ አጠፋሁ ብሎ እሱን ይነቅላል። ማርሽ ማሪጎልድ ግን ድንች የመሰለ ሥር የለውም። አበባው ከ5 እስከ 9 ሰፋ ያሉ ቅጠሎች አሉት፤ ከሥራቸው አረንጓዴ ሽፋን የለም። ከፍ ብሎ ለብቻው ይቆማል እንጂ መሬቱን እንደ ምንጣፍ አይሸፍንም። እንደሚሉት በሦስት ዓመት ግማሽ ጓሮ የሞላ ከሆነ እሱ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ተክል የሚያሸንፈው ቀድሞ በመነሳት ነው። ሌላው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ በአሜሪካ የብርድ ወቅት መጨረሻ፣ አንዳንዴ ጃንዋሪ ላይ ቅጠሉን ያወጣል። ዛፎቹ ቅጠል ስለሌላቸው ፀሐዩን ለብቻው ያገኛል። ማርችና ኤፕሪል ያብባል። ሜይ ላይ ይገረጣል። ጁን ሲገባ ከላይ ምንም አይታይም። ይህ ጊዜ ነው ሰውን የሚያዘናጋው። እርስዎ «ራሱ ይጠፋል» ያሉት ይህንን ነው። ከላይ ያለው ይሞታል፤ ከታች ያሉት ድንች መሳይ ሥሮች ግን ሙሉ ስንቃቸውን ይዘው እስከሚቀጥለው የብርድ ወቅት ይቆያሉ። እንደውም ከዓመቱ የሚበልጠውን ጊዜ የሚኖሩት ከመሬት በታች ነው።

የሚራባው ደግሞ በዘር ብቻ አይደለም። እያንዳንዷ ድንች መሳይ ሥር ተገንጥላ ብትቀር አዲስ ተክል ትሆናለች። በዚያ ላይ ብዙዎቹ፣ አበባው ሲያልፍ፣ ቅጠሉ ከአገዳው በሚገናኝበት ብብት ላይ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ ነጣ ያሉ እንክብሎች ያወጣሉ። ቅጠሉ ሲወድቅ እንክብሎቹ መሬት ላይ ይረግፋሉ። እነሱም ይበቅላሉ። ሜይ ላይ አንድ ሰው መሬቱ ላይ እህል የተበተነ መስሎት ጠይቆኝ ያውቃል፤ እሱ ነው። ጎርፍ ሲመጣ እንክብሉንም ሥሩንም ጠራርጎ ወደ ታች ይወስዳል። የእርስዎ ጓሮ ውሃ ስላይጎ ይገባል። ስላይጎ ኖርዝዌስት ብራንች ይገባል። ያ ደግሞ አናኮስቲያ ወንዝ ይገባል። የአንድ ጓሮ ነገር የአንድ ጓሮ ብቻ ሆኖ የማይቀረው ለዚህ ነው።

«ቆንጆ አበባ ነው፣ ቢሞላው ምን አለበት?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እምቦጭም ቆንጆ አበባ አለው። እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ በየአገሩ የተዳረሰው ለአበባው ሲባል ነው። ጣና ላይ መታየቱ በ2011 ተመዘገበ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ጀልባ አላስኬድ አለ፣ ዓሣ አጥማጁን ከመረቡ ለየው፣ ስንት ሺህ ሰው በእጁ ሲነቅል ከረመ። ይሄኛው ሐይቅ አይሸፍንም። ግን አካሄዱ ያው ነው። ከአገሩ ውጭ ሲመጣ የሚያስቆመው ያጣል።

እዚህ የሚጎዱት ቀድመው የሚያብቡት የአሜሪካ የጫካ አበቦች ናቸው። ቨርጂኒያ ብሉቤልስ፣ ስፕሪንግ ቢዩቲ፣ ትራውት ሊሊ፣ ብለድሩት። እነሱም የሚኖሩት በዚያችው አጭር ጊዜ ነው፤ ዛፉ ቅጠል ሳያወጣ በፊት ባለችው። ሰለንዳይን ቀድሞ መሬቱን ሲሸፍነው ቦታም ብርሃንም ያጣሉ። ከእነሱ ጋር ደግሞ ሌላ ሕይወት ይሄዳል። አንድሬና ኤሪጌኒኤ የምትባል መሬት ውስጥ ጎጆዋን የምትሠራ ትንሽ ንብ አለች። ለልጆቿ የምትሰበስበው ብናኝ የስፕሪንግ ቢዩቲን ነው። ሌላ አበባ ቢሞላ አይጠቅማትም። ጁን ላይ ምንጣፉ ሲደርቅ ደግሞ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ከዚያ በኋላ ዶፍ ሲወርድ አፈሩ በቀላሉ ታጥቦ ወንዝ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። ይህን የምታነቡ ለንደን ወይም ፍራንክፈርት ያላችሁ ካላችሁ፣ ለእናንተ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ተክሉ ያገሩ ልጅ ነው። ከእንቅልፋቸው ለሚነቁ ንቦች የመጀመሪያው ምግብ ከሚሆኑት አንዱ ነው። ተዉት።

ወደ እናትዎ መድኃኒት ልመለስ፤ ይህ ከሁሉም የሚያስቸኩል ነው። ለኪንታሮት ነው የሚባለው ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በእንግሊዝኛ ፓይልወርት የሚል የቆየ ስም አለው፣ «የኪንታሮት ተክል» እንደማለት ነው። የድሮ አውሮፓውያን አንድ ተክል የሰውነትን ክፍል ወይም በሽታን ከመሰለ ለዚያ ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። ሥሩ ኪንታሮት ስለሚመስል መድኃኒቱ ነው አሉ። መነሻው ይኸው መልክ ነው። ጀርመኖች ደግሞ ሳያብብ በፊት ለጋ ቅጠሉን ይበሉ ነበር፤ ቫይታሚን ሲ ስላለው ድድ ለሚያደማው የስከርቪ በሽታ። ስሙንም በዚያ ሰይመውታል። ስለዚህ «ይበላል» የሚል ነገር ኢንተርኔት ላይ ብታገኙ ከየትም አልመጣም። ግን ተክሉ መርዝ አለው።

ተክሉ ሲጎዳ፣ ማለትም ሲቆረጥ ወይም ሲታኘክ፣ ፕሮቶአኒሞኒን የሚባል ነገር ይፈጠራል። ቆዳን ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ሲበሉት አፍን፣ ጉሮሮንና ሆድን ያቆስላል። ሲደርቅ ወይም ሲፈላ ይህ ነገር ወደ ሌላ፣ ብዙም ወደማያቃጥል ነገር ይለወጣል። እውነት ነው። ስለዚህ እናትዎ «አድርቄ አፍልቼ» ማለታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። ነገር ግን በ2015 የቱርክ ሐኪሞች አንዲት ሴት ለኪንታሮት ብላ የዚህን ተክል ሻይ ጠጥታ ጉበቷ በድንገት መጎዳቱን ጽፈው አሳትመዋል። ሻይ ነበር የጠጣችው። ማፍላቱ አላዳናትም። በዕድሜ ለገፋ ሰው፣ ምናልባት የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው፣ ይህን መሞከር ፈጽሞ አልመክርም።

እናትዎን «ያገር ቤት መድኃኒት አይሠራም» ብለው አይከራከሯቸው። አያስፈልግም፣ እውነትም አይደለም። ይህ ያገር ቤት መድኃኒት አይደለም። አያቶቻችን ይህን ተክል አያውቁትም። ማንም በእኛ ወገን መጠኑን ለክቶ፣ ጉዳቱን አይቶ ያስተላለፈው እውቀት የለም። እንዲህ ብለው ቢነግሯቸው ይሰማሉ። ቀድመው ጠጥተው ከሆነ፣ ማቅለሽለሽ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር ወይም የሆድ ሕመም ካዩ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው፤ ከተክሉም ናሙና ይያዙ። አሜሪካ ውስጥ የመርዝ ጉዳይ ነጻ የምክር መስመር ቁጥሩ 1-800-222-1222 ነው፣ ሌሊትም ይሠራል። ኪንታሮቱን በተመለከተ ሐኪም ያያቸው። ደም የሚታይ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አይዘግይ፤ ደሙ የኪንታሮት ላይሆንም ይችላል።

አሁን ስለ ማጥፋቱ። ባለቤትዎ በማሽን እንገልብጠው ያሉት ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው። ማሽኑ እያንዳንዱን ሥር ቆራርጦ ጓሮው ላይ በእኩል ይበትነዋል። ዘንድሮ ግማሽ ጓሮ ከሆነ ለከርሞ ሙሉ ጓሮ ይሆናል። ሣር ማጨድም አይገድለውም፤ ቅጠሉ መሬት ስለተለጠፈ ምላጩ ከላይ ያልፋል፣ እንክብሎቹን ግን እየወረወረ ያዳርሳል። ኮምጣጤና ጨው የሚያፈሱም አሉ። ኮምጣጤ ቅጠሉን ያጠወልጋል፣ ሥሩን አይነካም። ጨው አፈሩን ያበላሻል፣ ውሃው ደግሞ ይዞት ወንዝ ይገባል። በእጅ ጎትቶ መንቀልም አይሆንም። ቅጠሉ ተበጥሶ እጅዎ ላይ ይቀራል፣ ሥሩ እዚያው ነው።

የሚሠሩት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ሦስተኛው አለ ግን ብዙም አልወደውም።

አንደኛው መቆፈር ነው። ቦታው ጠበብ ያለ ከሆነ፣ እንበል ከአንድ የምግብ ጠረጴዛ ካልበለጠ፣ ከዚህ የተሻለ የለም። ጓንት ያድርጉ። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ አንድ ስንዝር ያህል ከነአፈሩ በአካፋ ያንሱት። አፈሩን ለማትረፍ አያራግፉት፤ ድንቾቹ ከአፈሩ ጋር ይረግፋሉ። የያዘውን አፈር ጭምር በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት አድርገው አፉን ይቋጥሩና ከመደበኛው ቆሻሻ ጋር ይጣሉት። ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት። የቤት ኮምፖስት ሙቀቱ አይበቃውም፤ ለከርሞ በገዛ እጅዎ መልሰው ይዘሩታል። ጊዜው አሁን ነው፣ ቅጠሉ ሳይገረጣና እንክብሎቹ ሳይረግፉ። ሲጨርሱ የጫማዎን ጭቃና አካፋውን እዚያው ያጥቡ።

ሁለተኛው ፀረ-አረም ነው። እንደ እርስዎ ግማሽ ጓሮ ሲሞላ መቆፈር አይቻልም ብል ይሻላል። ያን ሁሉ አፈር አንስተው የት ይጥሉታል? የሚሠራው መድኃኒት ግላይፎሴት ነው፤ ቅጠሉ ይመጠውና ወደ ሥሩ ያወርደዋል። ብዙውን ጊዜ የሚመከረው ውህድ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ነው። ግን ነገሩ ሁሉ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ቅጠሉ ወጥቶ አበባው ግን ገና ሲጀምር፣ እዚያ አካባቢ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ፣ መርጨት ያስፈልጋል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሁን፤ በፋራናይት 50 ማለት ነው። ቢያንስ ለ12 ሰዓት ዝናብ የማይጠበቅበት ቀን ይሁን። ከተክሎቹ ግማሹ ካበበ በኋላ መተው ነው። ከዚያ በኋላ የአገሬው አበቦች ይነሳሉ፣ እንቁራሪቶችም ወጥተዋል፤ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። የእርስዎ ሙሉ በሙሉ ስላበበ ለዘንድሮ አልፏል። ይህን ሲሰሙ እንደሚያናድድዎ ይገባኛል፤ ግን አሁን ቢረጩ ገንዘብዎን ነው የሚያባክኑት።

ጥንቃቄዎቹን በደንብ ያንብቡልኝ። ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ አይደለም። በአንድ የንግድ ስም የተለያየ መድኃኒት ይሸጣል፤ የጠርሙሱን ትልቅ ጽሑፍ ትተው ከታች «አክቲቭ ኢንግሪዲየንት» የሚለውን ይፈልጉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ብዙዎቹ የጓሮ ውህዶች ውስጥ የሚጨመረው እንደ ሳሙና ያለ ነገር እንቁራሪትንና በውሃ ውስጥ የሚኖርን ሁሉ ይጎዳል። ለውሃ ዳር ተብሎ የተፈቀደ ውህድ ለብቻው አለ። ሞንጎመሪ ካውንቲ በቤት ሣር ላይ ብዙዎቹን ሰው ሠራሽ መድኃኒቶች የሚገድብ ሕግም አለው፤ ወራሪ ተክልን ለማጥፋት የተፈቀደ ነገር ቢኖርም አስቀድመው ካውንቲውን ይጠይቁ። የእርስዎ ጓሮ ውሃው ቀጥታ ወንዝ የሚገባ ስለሆነ ራስዎ አይርጩ። የሜሪላንድ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ያስመጡ፤ «ለውሃ ዳር የተፈቀደውን ነው የምትጠቀሙት?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። መልሱ ከተንገዳገደ ሌላ ይፈልጉ።

ሦስተኛው በጥቁር ሸራ ወይም በወፍራም ካርቶን መሸፈን ነው። መድኃኒት በፍጹም አልፈልግም ለሚል ሰው ይሆናል። ቅጠሉ ሳይወጣ፣ በጃንዋሪ መጀመሪያ መሸፈን አለበት፤ ሁለት ሦስት ጸደይም መቆየት አለበት። ሥሩ ስንቅ ስላለው አንድ ዓመት ጨለማን ይችላል። ከሸራው ሥር ያለው ሌላ ነገር ሁሉ ግን ይሞታል። ጎርፍ የሚያልፍበት ጓሮ ላይ ደግሞ ሸራው ራሱ ይነሳል። ለእርስዎ አልመርጠውም።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ከፊት ለፊት አበባ መደብ ላይ ያለውን ትንሹን ይቆፍሩና ይጣሉ። በጓሮው ያለውን ትልቁን ምንጣፍ ዘንድሮ አይንኩት፤ ልጆችም አይራመዱበት፣ ሣር ማጨጃም አይለፍበት። ከዚያ ይልቅ ጫፍ ጫፉን ምልክት ያድርጉበት። አራት አምስት እንጨት ተክለው ገመድ ያስሩ። ጁን ላይ ሁሉም ሲሰወር የት እንደነበር አያስታውሱም፤ ገመዱ ያስታውስዎታል። ከገመዱ ውጭ ፈንጠር ብላ ያለችውን እያንዳንዷን ግን አሁኑኑ ቆፍረው ያውጡ። ባለሙያውን ዲሴምበር ላይ ይቅጠሩት፤ ማርች ላይ ሁሉም ሰው ስለሚፈልገው አያገኙትም። ከርሞ አንዴ ይረጫል፣ በሚቀጥለው ዓመት የተረፈው ይረጫል ወይም ይቆፈራል። ሦስት ዓመት ያስቡ። አንድ ዓመት ላይ ጨረስኩ ብሎ መተው ነው ብዙውን ሰው ወደ ዜሮ የሚመልሰው።

ልክም አለው፣ ልንገርዎ። ከእርስዎ በላይ ያለው ጎረቤት ጓሮ ተመሳሳይ ምንጣፍ ካለው፣ በየጎርፉ አዲስ ይወርድብዎታል። አንኳኩተው ያነጋግሯቸው። ብዙ ሰው እንደ እናትዎ ቆንጆ አበባ ስለመሰለው ነው ያሳደገው። የፓርኩን ክልል ግን ራስዎ ገብተው አይቆፍሩ፤ አይፈቀድም። ሞንጎመሪ ፓርክስ ዊድ ዎሪየርስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም አለው፤ ሠልጥነው ነው የሚሠሩት። ተክሉን መለየት ላይ ጥርጣሬ ካለዎት ደግሞ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ፎቶ ተቀብሎ በነጻ ይመልሳል።

የተሰጡትን ተክሎች ማስመለስ አለብዎት። ሜሪላንድ ይህን ተክል መሸጥም፣ መግዛትም፣ ከቦታ ቦታ ማዛወርም ከከለከለቻቸው ውስጥ አስገብታዋለች። ሕጉ ባይኖርም እናትዎ በፍቅር የሰጡት ነገር የጓደኞቻቸውን ጓሮ እንዲበላ አይፈልጉም። ለሁለቱም ዛሬ ይደውሉ። ገና ማሰሮ ውስጥ ከሆነ ቀላል ነው፣ ከነማሰሮው አፈር በከረጢት ይጣል። ቤተ ክርስቲያን የሄደውን ደግሞ መሬት ተተክሎ እንደሆነ ሄደው ይዩ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ሰው ይመላለስበታል፣ ሣሩም በማሽን ይታጨዳል። ለመስፋፋት ከዚያ የተመቸ ቦታ የለም።

ግን ባዶ እጃቸውን አይቅሩ። ያ ቢጫ አበባ ለእናትዎ ትልቅ ነገር ነው፣ ዝም ብሎ «ይነቀል» ማለት ይከብደኛል። ለእርጥቡ ጓሮ ጎልደን ራግወርት የሚባለውን ይትከሉ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፓኬራ ኦሪያ ነው። የአገሬው ተክል ነው። እርጥበት ይወዳል፣ ዝቅ ብሎ መሬቱን ይሸፍናል፣ ቅጠሉ የብርዱን ወራት አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል፣ ኤፕሪልና ሜይ ላይ በቢጫ አበባ ይሞላል። ቤተሰቡም የአደይ ቤተሰብ ነው። እሱንም ግን ማንም አያፍላው፣ ለጉበት አይሆንም። አንዴ ከያዘ መሬቱን ባዶ ስለማይተው ሰለንዳይን እንደገና ቦታ እንዳያገኝ ያግዛል። ተረጭቶ ቦታው ከጸዳ በኋላ፣ በመኸር ላይ ይተከል።

እውነተኛውን የአደይ ዘመድ ከፈለጉ ደግሞ አለ። ቢደንስ ከሚባለው ከዚያው ከአደይ ወገን አሜሪካ የራሷ ዝርያዎች አሏት። ፓተክሰንት ወንዝ ዳር ያለው ረግረግ በመስከረም ወር ቢደንስ ሌቪስ በሚባለው ቢጫ ይለብሳል። ለጓሮ የሚመቸው ቢደንስ አሪስቶሳ ነው። ዘሩ ይሸጣል። እርጥብ መሬትና ፀሐይ ይፈልጋል፣ ቁመቱ ወገብ ድረስ ይደርሳል፣ ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ያብባል። እንቁጣጣሽ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ዘሩ እንደ ጨጎጊት ልብስ ላይ ስለሚጣበቅ ከመተላለፊያ ራቅ አድርገው ይዝሩት። ኖቬምበር ላይ አፈሩን ጫር ጫር አድርገው ይበትኑት፣ አይቅበሩት። ብርዱ እንዲያገኘው ነው፤ ያለ ብርድ አይበቅልም። ለቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚሆነውን ዘር እናትዎ ራሳቸው ይበትኑት።